ከመልካ ቁንጡሬ እስከ ጉንችሬ፦ የሰው ልጅ ከመንከራተት ወደ መስፈር



ስለ ጥንታዊው ሰው ታሪክ ሲነገር ዘወትር የምንሰማው አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ነው። ሰው በመጀመሪያ ፍሬ እየለቀመና አውሬ እያደነ ይኖር ነበር፤ ቀጥሎ ከብት አላምዶ ሣርና ውሃ እየተከተለ ዘላን ሆነ፤ ከዚያም እህል መዝራት ዐውቆ በአንድ ቦታ ሰፈረ፤ መንደሩም እያደገ ከተማ ሆነ ይባላል። ይህን ቅደም ተከተል በልጅነታችን በቃላችን አጥንተነዋል፤ ለፈተናም ጽፈነዋል። የዛሬው ንግግሬ ግን ይህ እንደ መሰላል የተደረደረ ታሪክ በሀገራችን ምድር፣ ይልቁንም በጉራጌ አገር፣ ቀጥ ብሎ የማይቆም መሆኑን ለማሳየት የታሰበ ነው። በዚያ አገር ሰውን ከአንድ ቦታ ያስቀመጠው ታጭዶ ወደ ጎተራ የሚገባ እህል ሳይሆን፣ ለመብል እስኪደርስ ብዙ ዓመት የሚጠበቅ አንድ ተክል ነው። ይኸውም እንሰት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከአዲስ አበባ ተነሥተን በቡታጅራ መንገድ ወደ ደቡብ እንውረድ። መንገደኛው 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ የአዋሽን ወንዝ በመልካ ቁንጡሬ ይሻገራል። አብዛኛው ሰው ድልድዩን ተሻግሮ ግራና ቀኝ ሳያይ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1963 ግን ዤራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ በወንዙ ዳር በሰው እጅ የተጠረቡ ድንጋዮች ተመለከተ፤ ከ1965 ጀምሮም ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ሻቫዮን ቁፋሮውን እየመራ ለረጅም ዓመታት ሠራ። ከዚያ የተገኘው ነገር ለማመን የሚያስቸግር ነው። 2 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆነው የአንድ ሕፃን መንጋጋ ተገኝቷል። 700,000 ዓመት ባስቆጠረ የደረቀ ጭቃ ላይ ደግሞ የአዋቂዎችና የትንንሽ ልጆች የእግር ዱካ ከጉማሬና ከሌሎች እንስሳት ዱካ ጋር ተቀላቅሎ ታይቷል። ልጆቹ ገና መራመድ የለመዱ ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ሥራቸውን ሲሠሩ እነርሱ በኩሬው ዳር ይርመጠመጡ እንደ ነበረ ዱካቸው ይመሰክራል። መልካ ቁንጡሬና ጎረቤቱ ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ባልጪት የሚለው የቦታ ስም ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ባልጩት የሚሉት፣ ሲሰበር እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭና እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ጥቁር ድንጋይ በዚያ ሥፍራ በብዛት ይገኛል። የጥንት ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ይህን ድንጋይ እየፈለጡ መቁረጫና መፋቂያ ይሠሩበት ነበር። እጅግ የሚያስደንቀው ግን ባልጩት ከሰው እጅ ለመውጣት የፈጀበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጥንት ዘመን አጥኚዎች በጉራጌና በሲዳማ አገር ሲዘዋወሩ ቆዳ ፋቂዎች የባልጩት ስለት በእንጨት እጀታ ላይ አስረው ሲሠሩ አይተው ጽፈዋል። አይሮፕላን በላያቸው በሚያልፍበት ዘመን የድንጋይ መሣሪያ በሥራ ላይ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ አንድ «ዘመን» አበቃና ሌላው ተተካ ስንል ልንጠነቀቅ ይገባል። ዘመን እንደ መዝገብ ቅጠል ተገልጦ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ስለ ድንቅነሽ፣ ስለ ኦሞና ስለ አፋር ግኝቶች በየጊዜው ስለ ተነገረ አሁን አልመለስበትም። ለዛሬው ጉዳይ የሚጠቅመን ያ የመንከራተት ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበረ ማወቅ ነው። ተንከራታች ማለት መድረሻውን የማያውቅ ማለት አይደለም። በባሌ ተራሮች፣ ከ3,400 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ ፍንጫ ሀበራ በተባለ የድንጋይ ጥላ ሥር በተደረገው ቁፋሮ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ወደዚያ ብርዳማ ሥፍራ ደጋግመው ይመጡ እንደ ነበረ ታውቋል። ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ምግባቸው በአብዛኛው በዚያ ተራራ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል ነበር፤ እሱን እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ውሃው የት እንደ ሆነ፣ ባልጩቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ፍልፈሉ በየትኛው ሰዓት ከጕድጓዱ እንደሚወጣ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ይህ ትንሽ ዕውቀት አይደለም።

ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ ደግሞ በጋሞ ደጋ ሞታ በተባለ ዋሻ የተቀበረ አንድ ሰው እናገኛለን። ከሞተ 4,500 ዓመት ያህል ሆኖታል። ከአፅሙ የተወሰደው የዘር ምልክት ተነብቦ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ከአፍሪካ ምድር በዚህ መልክ ሙሉ በሙሉ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው እርሱ ሆነ። የዚህ ሰው ዘር ከምዕራብ እስያ ከመጡት ገበሬዎች ዘር ጋር አልተቀላቀለም ነበር። ያ መቀላቀል በኢትዮጵያ ምድር የሆነው ከእርሱ ዘመን በኋላ ነው። እንግዲህ ግብፆች ታላላቆቹን ፒራሚዶች በሚሠሩበት ዘመን ገደማ በጋሞ ደጋ ላይ ከዋሻ ወደ ዋሻ የሚዘዋወር፣ ከሰሜን የመጣውን የእርሻ ሕዝብ ያላወቀ ሰው ይኖር ነበር።

በሌላው ዓለም የእርሻ አጀማመር በሚገባ ተመርምሯል። የዮርዳኖስና የኤፍራጥስ ወንዞች በሚያካልሉት አገር ሰዎች የበቀለውን የዱር ስንዴና ገብስ ማጨድ ለምደው ነበር፤ ከ10,000 ዓመት በፊትም ማረስ ጀምረዋል። የኢያሪኮ ከተማ የድንጋይ ግንብና ማማ በዚያው ዘመን ተሠርቷል። እንግሊዝ አገር ያስተምር የነበረው ጎርደን ቻይልድ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ለውጥ ከኢንዱስትሪ አብዮት ጋር የሚስተካከል አብዮት ነው አለ። ቃሉ ተወደደና በየትምህርት ቤቱ ተሠራጨ። ይሁን እንጂ በኋላ የተደረገው ቁፋሮ ነገሩን ቀስ ያለ አድርጎታል፤ በዚያው በፍልስጥኤምና በሶርያ አካባቢ ሰዎች እርሻ ከመጀመራቸው ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ቤት ሠርተው ሰፍረው ነበር። አስቀድሞ የመጣው መስፈሩ ነው፤ ማረሱ ተከተለ። በኒው ጊኒ ደሴት ደግሞ ኩክ በተባለ ረግረግ ከ6,500 ዓመት በፊት ሙዝና ሥራ ሥር ይተከል እንደ ነበረ ተረጋግጧል። እዚያ ስንዴም ገብስም አልነበረም።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በየገበያውና በየማሳው የእህል ዓይነት ሰበሰበ። ያገኘው የዓይነት ብዛት አስደነቀው፤ ኢትዮጵያንም የእርሻ ተክሎች ከተወለዱባቸው ጥቂት የዓለም ማዕከሎች አንዷ ናት ብሎ ጻፈ። ስለ ስንዴና ስለ ገብስ ከጊዜ በኋላ ታርሟል፤ እነዚህ ከምዕራብ እስያ የመጡ ናቸው። ስለ ጤፍ፣ ስለ ኑግ፣ ስለ ቡናና ስለ እንሰት ግን እውነቱ ጸንቷል፤ እነዚህ የኛው ምድር ልጆች ናቸው። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ላሊበላ በተባለ ዋሻ (ይህ የታወቀው የቤተ ክርስቲያኑ ላሊበላ አይደለም) እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በተደረገ ቁፋሮ 2,500 ዓመት ያህል የሆነው ገብስና ሽምብራ ከከብት አጥንት ጋር ተገኝቷል። በዚህ ዓይነት የሰሜኑ እርሻ ታሪክ ቀስ በቀስ በመጻፍ ላይ ነው።

የደቡቡስ? እዚህ ላይ ነው ዋናው ችግር የሚመጣው። የእርሻን ታሪክ የሚያጠና ቆፋሪ የሚፈልገው የተቃጠለ ፍሬ ነው። የገብስ ቅንጣት እሳት ውስጥ ወድቃ ስትከስል ሺህ ዓመታት ሳትበሰብስ ትቆያለች። እንሰት ግን ፍሬው አይበላም። የሚበላው ግንድ መሳዩ አካሉና ከመሬት ውስጥ ያለው አሚቾው ነው፤ ይህም ታሽቶ፣ ቦክቶ፣ ተጋግሮ ይበላና ምንም አይተርፍም። ግንዱ እንጨት አይደለም፤ ቅጠል በቅጠል ላይ ተጠቅልሎ የቆመ ውሃ የሞላበት ነገር ነውና በጥቂት ወራት ይበሰብሳል። ስለዚህ አንድ ሕዝብ ለብዙ ሺህ ዓመታት በእንሰት ቢኖር እንኳ ቆፋሪው ከመሬት ውስጥ የሚያገኘው ማስረጃ ከአንድ የገብስ ጎተራ ቃጠሎ ያነሰ ነው። መዝገብ የሌለው መሥሪያ ቤት ሥራ አልሠራም እንደማይባል ሁሉ፣ ፍሬ ያላስቀረ ሕዝብም አላረሰም ሊባል አይገባም። ሆኖም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ተብሏል።

በመሬት ውስጥ የጠፋው ማስረጃ ግን ከመሬት በላይ ቆሟል። ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ተጕዘን የእነሞር ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ጉንችሬ እንሂድ። ከከተማይቱ ጥቂት ወጣ ሲባል የጉራጌ መንደር በሙሉ ሥርዓቱ ይታያል። መኻል ላይ ጀፎረ የሚባለው ሰፊ የሣር ጎዳና ተዘርግቷል፤ ሰርጉም ልቅሶውም የልጆች ጨዋታም በእርሱ ላይ ይሆናል። ግራና ቀኙን የሣር ክዳን ያላቸው ታላላቅ ክብ ቤቶች ተሰልፈዋል፤ በየቤቱ ጀርባ ደግሞ ጉራጌዎች አሰት የሚሉት እንሰት እንደ ጫካ ቆሟል። የቤቱ ጣራ ከሩቅ የሚታየው በእንሰቱ መካከል ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሻክ በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በቸሃ ተቀምጦ ይህን ኑሮ ካጠና በኋላ በ1966 መጽሐፉን ሲያሳትም ጉራጌዎችን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ መሰየሙ ያለ ምክንያት አልነበረም።

እንግዲህ ስለ ተክሉ ጥቂት ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ በተክሉ ጠባይ ላይ ይቆማልና። የዱር እንሰት በፍሬው ይራባል። በአፍሪካ በብዙ አገር ይበቅላል፤ አላምዶ ዋና ምግቡ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ሰው ብቻ ነው። ሙዝ በራሱ ጊዜ ከሥሩ ቀንበጥ ያወጣል፤ እንሰት ግን እንዲህ አያደርግም። ቀንበጥ የሚሰጠው ሰው ሲያስገድደው ነው። ገበሬው የጥቂት ዓመት እንሰት መርጦ ከመሬት አጠገብ ይቆርጠዋል፤ ከአሚቾው መኻል የማደጊያውን ልብ ፈልፍሎ ያወጣል፤ ጕድጓዱን አፈርና ፍግ ሞልቶ ይቀብረዋል። ልቡን ያጣው አሚቾ ከጥቂት ወራት በኋላ በዙሪያው በብዙ አሥር የሚቈጠር ቀንበጥ ይሰድዳል፤ አንዳንዴም ከመቶ ያልፋል። ቀንበጦቹ ተለይተው ይተከላሉ፤ ከአንድና ሁለት ዓመት በኋላ ተነቅለው በሌላ መደብ በሰፊው ይተከላሉ፤ ይህ ሦስትና አራት ጊዜ ይደጋገማል። በየዕድሜው ደረጃም ተክሉ የተለየ ስም አለው። ለመብል የሚደርሰው እንደ አየሩ ጠባይ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። አበባ ሲያወጣ በውስጡ ያከማቸው ምግብ ወደ አበባው ስለሚሄድ ከዚያ በፊት መቆረጥ አለበት፤ አንዴ ካበበ በኋላ ሕይወቱ ያበቃል።

ይህ ጥበብ እንዴት ተገኘ? አንድ ተንከራታች በረሀብ ወራት የዱር እንሰት ቆርጦ አሚቾውን ቆፈረ እንበል። ለስላሳውን መኻል በላና ጠንካራውን ዳር ዳር ትቶ ሄደ። በተከታዩ ዓመት በዚያው መንገድ ሲመለስ አንዱ ተክል የነበረበት ሥፍራ በቀንበጥ ተከብቦ አገኘው። ጃርትና ፍልፈል የእንሰት አሚቾ ወዳጆች ናቸውና ምናልባት የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጡት እነርሱ ይሆናሉ። ይህ የኔ ግምት ነው፤ ነገር ግን የተክሉ ጠባይ ይህን ግምት ይደግፈዋል። ማስተዋል የሚገባው፣ ይህን ለማወቅ ወደ ቀድሞው ቦታ መመለስ አስፈላጊ መሆኑ ነው። በፍንጫ ሀበራ እንዳየነው፣ ተንከራታቹ ተመላሽ ነበር።

የተመለሰውን ሰው እንዲቀመጥ ያደረገው ደግሞ የዓመቱ ብዛት ነው። ገብስ የዘራ ሰው ከአራት ወይም ከአምስት ወር በኋላ አጭዶ፣ እህሉን ጭኖ፣ ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ይችላል። እንሰት የተከለ ሰው ግን ስድስት ዓመት መጠበቅ አለበት፤ በየዓመቱም ስለሚተክል ግቢው የዛሬ ዓመት፣ የከርሞና የስድስት ዓመት ምሳ በአንድነት የቆመበት ጎተራ ይሆንበታል። ይህን ጎተራ በአህያ ጭኖ መሄድ አይቻልም። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የዝውውር ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ዕቃ የምንጠቀልል ሰዎች ይህን ነገር በቀላሉ እንረዳዋለን፤ በኪራይ ቤት ግቢ ጎመንና ሰላጣ የዘራ ሹም ብዙ አይቻለሁ፤ እንሰት የተከለ ግን አንድም አላየሁም። የዛሬ ስድስት ዓመት በዚያው ቤት እንደሚገኝ እርግጠኛ የሆነ ብቻ ነው እንሰት የሚተክለው።

ከዚህም በላይ እንሰት ያለ ፍግ አይሆንም፤ ፍግም ያለ ከብት አይገኝም። ስለዚህ በጉንችሬ መንደሮች ከብቱ ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራል፤ ጠዋት ሴቶቹ ፍጉን ጠርገው ወደ እንሰቱ መደብ ይወስዱታል። በበጋ ሣር ሲጠፋ ደግሞ የእንሰቱ ቅጠል ተቆርጦ ለላሚቱ ይሰጣል። ላሚቱ እንሰቱን ታበላዋለች፤ እንሰቱም ላሚቱን ያበላታል። የእንሰት ምግብ ገንቢ ነገር የሚጎድለው ስለ ሆነ ወተቱ፣ አይቡና ጎመኑ የግድ አብረው መምጣት አለባቸው። እስቲ አሁን ያንን የትምህርት ቤት መሰላል አስታውሱት። ከብት አርቢው አንድ ደረጃ፣ ገበሬው ከእርሱ ከፍ ያለ ሌላ ደረጃ ነበር። በጉራጌ ቤት ግን ከብት አርቢውና ተክል ተካዩ አንድ ሰው ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው አንድ ዓመት አያድርም። የቤቱ አሠራር ራሱ ይህን አንድነት ይናገራል።

የሴቶቹን ሥራ ሳላነሣ ባልፍ ንግግሩ ጎደሎ ይሆናል። መቆፈሩና መትከሉ የወንዱ ነው፤ ነገር ግን እንሰቱን ምግብ የምታደርገው ሴት ናት። ቅጠሉን አንድ በአንድ እየገነጠለች፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ አስደግፋ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ትፍቀዋለች፤ ጭማቂው ሲረጋ ቡላ ይሆናል፤ የተፋቀው ሥጋ ከተፈጨው አሚቾ ጋር ተቀላቅሎ በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጕድጓድ ውስጥ ይቀበርና ይቦካል። ጉራጌዎች ውሳ የሚሉት ቆጮ ይህ ነው። ቃጫው ለገመድ ይውላል። ጕድጓዱ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። በሌላ አገር የሸክላ ማሰሮና የጭቃ ጎተራ የሠሩትን ሥራ እዚህ የተክሉ የራሱ ቅጠልና መሬቱ ይሠሩታል። ከዓይነቶቹም መካከል ጓርየ፣ አስታራ፣ ቅብናር እየተባሉ በስም የሚታወቁ አሉ፤ አንዱ ለቆጮ፣ ሌላው ለአሚቾ፣ ሌላው ለቃጫ ይመረጣል፤ ለተሰበረ አጥንት ይበጃሉ ተብለው በክብር የሚጠበቁም አሉ። ይህን ሁሉ ለይታ የምታውቀው የቤቱ እመቤት ናት።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። ሰውን ከመሬት ጋር ያሰረው ይህ ተክል መልሶ ለመንገድም ፈትቶታል። የጉራጌ ሰው በንግድ ከአገር አገር በመዘዋወር የታወቀ ነው፤ በአዲስ አበባ መርካቶ የእርሱ እጅ ያልነካው ሱቅ ጥቂት ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? እንሰት ቆሞ የሚጠብቅ ምግብ ስለ ሆነ የመኸር ሰዓት አያስቸኩለውም፤ ዛሬ ያልተቆረጠው በሚመጣው ወር ይቆረጣል። ሚስትየው ቤቱን ይዛ ባልየው ለወራት ከተማ ቢሰነብት ቤተ ሰቡ አይራብም። በመስከረም ለመስቀል ሁሉም ወደ ጀፎረው ይመለሳል፤ ክትፎው በቆጮ ይበላል፤ ከበዓሉ በኋላ ይበተናል። ይህን መመላለስ ዘላንነት ልንለው አንችልም፤ መስፈር ብቻ ብንለውም ሙሉ አይሆንም።

የእንሰት እርሻ ዕድሜ ስንት ነው? አሜሪካዊው ስቲቨን ብራንት ከሌሎች ሊቃውንት ጋር እስከ 10,000 ዓመት ሊደርስ ይችላል የሚለውን ሐሳብ አቅርቧል፤ ሌሎች ይህን ያህል ሊርቅ አይችልም ይላሉ። በጽሑፍ ያለው ምስክር ከዚህ በጣም የቀረበ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በሀገራችን የቆዩት ፖርቱጋላዊው ጄሮኒሞ ሎቦና ጓደኞቹ ስለ እንሰት ጽፈዋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ሥዕሉን አውጥቶ፣ በጎንደር እንደሚበቅልና በሜጫ ለምግብ በሰፊው እንደሚተከል ገልጿል። ዛሬ በሰሜን እንሰት ኮባ እየተባለ ዳቦ ይጋገርበታል እንጂ አይበላም። ጎጃምና ጎንደር የሚኖሩ እናቶቻችን ዳቦውን በኮባ ሲጠቀልሉ፣ ሳያውቁት የአንድ የተረሳ ማዕድ መጠቅለያ በእጃቸው ይዘዋል ማለት ነው። በቡታጅራ መንገድ፣ ከመልካ ቁንጡሬ አልፎ በሶዶ የሚገኙት የጢያ ትክል ድንጋዮች ደግሞ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የቆሙ የመቃብር ምልክቶች ናቸው። 36ቱ ሐውልቶች እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፤ ከሰይፉ ጋር ደግሞ እንደ ቅጠል የተዘረጋ ምልክት ይታያል። አንዳንዶች እንሰት ነው ይሉታል። እንደዚያ ከሆነ የዚያን ዘመን ሰው በመቃብሩ ላይ ጦረኛነቱንና ተክሉን እኩል አስቀምጧል።

ይህን ሁሉ የምናገረው የጥንት ወሬ ለማስደሰቻ ብቻ እንዲሆን አይደለም። በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ ሰሜኑን ሲፈጅ የእንሰት አገሮች በአንጻሩ ጉዳታቸው ያነሰ ነበር። ዛሬ 20 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያዊ በእንሰት እንደሚኖር ይገመታል። ነገር ግን አጠውልግ የሚባለው በሽታ፣ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 መንስኤውን ለይተው ከጻፉ ወዲህ፣ አልቆመም፤ በሽተኛውን ተክል የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ሲነካ ይተላለፋል። በሌላ በኩል ጫትና ባሕር ዛፍ ፈጥነው ገንዘብ ስለሚሰጡ የእንሰቱን መደብ እያጠበቡት ነው። ገበሬውን ልንወቅሰው አንችልም፤ የልጅ ትምህርትና የልብስ ዋጋ ስድስት ዓመት አይጠብቅም። ሆኖም ከአንድ ግቢ አንድ የእንሰት ዓይነት ሲጠፋ የሚጠፋው ምግብ ብቻ አይደለም። ከላይ እንደ ተናገርሁት እንሰት ከመሬት በታች ያስቀረው ማስረጃ እጅግ ጥቂት ነው። ያ ታሪክ በዋነኛነት ተጽፎ ያለው በቆመው ተክልና በአሮጊቶቹ አንደበት ውስጥ ነው፤ የዓይነቱ ስምም ከመጨረሻዋ ከምታውቀው እናት ጋር ይቀበራል።

ከመሬት በታች ጥቂት ነው አልሁ እንጂ ምንም የለም አላልሁም። የእንሰት ቅጠል በውስጡ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ አሸዋ ቅንጣት የጠነከሩ ደቃቅ ነገሮች ያከማቻል፤ ቅጠሉ ሲበሰብስ እነርሱ በአፈሩ ውስጥ ይቀራሉ፤ ባለሙያም በማጉያ መነጽር ሊለያቸው ይችላል። በተለይም የቆጮ ጕድጓድ በቅጠል የተነጠፈ ስለ ነበረ እነዚህን ቅንጣቶች ከዙሪያው አፈር አብልጦ ሊይዝ ይገባዋል። ስለዚህ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ወይም በጉንችሬ፣ የትምህርት ቤት መሠረት የሚያስቆፍር ወይም የመንገድ ሥራ የሚቆጣጠር ባልደረባ፣ በተቆረጠው የአፈር ግድግዳ ላይ ክብ ሆኖ የጠቆረ የጥንት ጕድጓድ፣ በአጠገቡም የባልጩት ስባሪና ገል ቢያይ፣ ዶማውን ለጥቂት ቀን አስቁሞ ለዞኑ የባህልና ቱሪዝም ሠራተኞች ይንገር። በዓይን ሲታይ ባዶ የሆነ ጥቁር አፈር ብቻ ነው፤ ከዚያ አፈር አንድ እፍኝ በንጹሕ ከረጢት ከነቦታው ምልክት ቢቀመጥ ለጊዜው ይበቃል።